ሳጅን ነው ወይስ ሲቪል?

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ሰው ገጠመኝ ሲጽፍ ከጎርፍ ስለመትረፉ ወይም በበረሃ ስለመጥፋቱ ይጽፋል። የእኔ ግን በአንድ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ስለተደረገ የጡረታ ክርክር ነው። ዶርም አብራኝ ለምትኖረው ልጅ ላወራላት ስጀምር፣ "ጡረታ? አንቺ ገና ፍሬሽ ነሽ እኮ" ብላ ሳቀችብኝ። እስከ መጨረሻው ስነግራት ግን መሳቋን ተወችና "ጻፊው" አለችኝ። የማይረባ ሆኖ ካገኛችሁት ጥፋቱ የሁለታችን ይሁን።

ምሕረት እባላለሁ። ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚያው ሆሳዕና ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ ማቴዎስ በወጣትነቱ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረና ከእኛ በጣም በሚርቅ የቆላ ከተማ ወደሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ ተመደበ። ተሳፋሪ ይፈትሻል፣ አጥሩን ይጠብቃል፣ የተጠረጠረ ሰው ይይዛል። እዚያው ሳጅን ሆነ። እኛ ዘንድ አውሮፕላን የሚታየው በሰማይ ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ የሰፈራችን ሰው "ፓይለቱ" ይለዋል። እናቴ ቅቤ እየነገደች እኔን አሳደገች፤ አባቴ በዓመት አንዴ ለእረፍት እየመጣ ይሄድ ነበር።

አባቴ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የማረፊያው ጥበቃ አደረጃጀት ተለወጠ። ደመወዛቸው ከፖሊስ ወጥቶ በማረፊያው አስተዳደር በኩል ይከፈል ጀመር፤ የሥራ መደባቸውም "የጥበቃ ሠራተኛ" ተባለ። የደንብ ልብሱ ያው፣ መሣሪያው ያው፣ አዛዡም ያው ስለነበር አባቴ ልብ አላለውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለፖሊስ የሚበቃውን ዘመን አገልግያለሁ ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቆ ቤቱ ገባ። የጡረታ አበሉን ሲጠይቅ ግን፣ "እርስዎ ሲቪል ነዎት" አሉት።

ልዩነቱን ባጭሩ ላስረዳ። ፖሊስ ከሲቪሉ ቀደም ብሎ ጡረታ መውጣት ይችላል። ሲቪል ሠራተኛ ግን በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ አበሉን የሚያገኘው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ነው። አባቴ ሃምሳን ያለፈው በቅርቡ ነበር። በዚህ ሲመላለስ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ ንግግሩም ጠፋ። ሐኪሙ እንቅስቃሴና ንግግር ማለማመዱ በጊዜ መጀመር አለበት፣ ከዘገየ ተስፋው ይቀንሳል አለን። እኛ ጀምረን አቅም አጥተን አቋረጥን። ስለዚህ አባቴ ፖሊስ ከተባለ አበሉ ወዲያው ይጀምራል፣ ሕክምናውም ይቀጥላል። ሲቪል ከተባለ ግን እንጠብቃለን፤ እጁና አፉ ግን እኛን አይጠብቁንም።

ይግባኝ አልን። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ይግባኙን የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ለአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሆሳዕና እንደሚመጡ ተነገረን። አባቴ መናገር ስለማይችል እናቴ እንድትመሰክር፣ በሥራው ላይም የሚያውቀው አንድ ሰው እንድናቀርብ ታዘዝን። የሥራ ምስክራችን ጋሽ ሎምባሞ ነበር፤ ከአባቴ ጋር አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አብሮ የኖረ፣ አሁን ሺንሺቾ ገብቶ የሚያርስ ከምባታ።

እናቴን እንደ ፈተና አስጠናኋት። ልብሱ ምን ዓይነት ነበር? ማን ነበር የሚያዘው? ካምፕ ውስጥ ነበር የሚኖረው? እሷም ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለለች ትመልስልኛለች።

"ደግሞ በአጭሩ መልሺ እማዬ፤ የተጠየቅሽውን ብቻ።"

"እሺ መምህርት" አለች፤ "ስንት ትሰጪኛለሽ?"

አንድ ነገር ግን አላስጠናኋትም። ቤታችን ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ነገር ስለሆነ ትዝም አላለኝ።

ቀኑ ሲደርስ ዝናብ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ የወንድሙን ባጃጅ ይዞ መጣ። ጉራጌ ነው፤ ቀልድ ካልቀላቀለ መናገር አይችልም። አባቴን አቅፎ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባው፣ "ፓይለቴ፣ ዛሬ በረራ አለ። ቀበቶህን እሰር" አለው። አባቴ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጋሽ ሸምሱና አንድ የማላውቀው ሰው አባቴን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሎምባሞ ነበር።

"ልጄ፣ ማታ ጎረቤታችን ሞቷል። ቀብር ዛሬ ነው።"

"እና ጋሼ?"

"ቀብር ጨርሼ እመጣለሁ።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ማምሻውን ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እባክዎ..."

"ሰው ሞቶ እንዴት ጥዬ እመጣለሁ ልጄ? ጨርሼ እመጣለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። መልሼ ብደውል አይሠራም።

ለእናቴ ስነግራት፣ "ማን ነው የሞተው?" ብቻ አለች።

ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ሰብሳቢው፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የእኛው አገር ልጅ የሆነ ወጣት ጸሐፊ ኮምፒውተር ከፍቶ ይጠብቃል። ሰብሳቢው ስለ ምስክራችን ሲሰሙ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ለቅሶ? እኛ ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ፋይል መጥተን ምስክሩ የጎረቤት ቀብር ሄደ?"

"ሲጨርስ ይመጣል" አልኩ።

"እኛም ስንጨርስ እንሄዳለን።" ወደ እናቴ ዞሩ። "መልካም፤ ከእርስዎ እንጀምር። ለቃለ ጉባኤው ያህል ሙሉ ስምዎን፣ ከዚያም የባለቤትዎን ሙሉ ስም ይንገሩን።"

እናቴ የራሷን ስም ብቻ ተናገረች።

"የባለቤትዎ ስም?"

"ይኸው፣ እዚህ ነው" አለች በእጇ ወደ አባቴ እያመለከተች።

"አየነው እናቴ። ስሙን ነው የምጠይቅዎ።"

"የምሕረት አባት።"

ያኔ ነበር ያላስጠናኋት ነገር የገባኝ። በእኛ አገር፣ በተለይ በእሷ ዕድሜ ያለች ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። የባሏ ሙሉ ስም ደግሞ የአማቷን ስም ይዟል። እናቴ የአያቴን ስም በሕይወቷ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። በስሙ የሚጠራ ሌላ ሰው እንኳ ሲያጋጥማት "እንትና" ብላ ነው የምታልፈው።

"ማቴዎስ ሄራሞ ነው" አልኩ ብድግ ብዬ።

"አንቺ ተቀመጪ" አሉ ሰብሳቢው። "ምስክሯ አንቺ አይደለሽም። እናቴ፣ የማን ሚስት እንደሆኑ ካልነገሩን ቃልዎን እንዴት እንመዘግባለን? የባልዎን ስም አያውቁም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

እናቴ መሬት መሬት አየች። ወጣቱ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ባህል ነው ጌታዬ" አለ ቀስ ብሎ። "የእኔም እናት የአማቷን ስም አትጠራም።"

"ባህሉን አከብራለሁ። ነገር ግን እኔ እዚህ የምጽፈው ምንድን ነው? 'በባህል ምክንያት ስሙን አልተናገረችም' ብዬ?" ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይመስሉም ነበር፤ የደከማቸው ሰው ይመስሉ ነበር። "የባለጉዳዩን ማንነት ከዚህ ክፍል ውስጥ በቃሉ የሚያረጋግጥ ሰው እፈልጋለሁ። አለበለዚያ የእርስዎን ምስክርነት ማለፍ ግድ ይሆንብኛል።"

እናቴን አየኋት። ከንፈሯ ተላቀቀ። ልትጠራው መሆኑን አወቅሁ፤ ለእኛ ስትል ልታደርገው ነበር። እንድትጠራው ፈለግሁ፣ ደግሞም አልፈለግሁም።

ያኔ ከኋላችን ድምፅ ተሰማ። ከስትሮኩ ወዲህ አባቴ "እ" እና "ተይ" ከማለት ሌላ ወጥቶለት አያውቅም። አሁን ግን ግራ እጁ የወንበሩን ብረት ጨብጦ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ "ማ" አለ። "ማ... ቴ..." ላብ ግንባሩን ወረረው። ልረዳው ስነሳ መነጽር ያደረገችው ሴት በእጇ ተይው አለችኝ። ሁላችንም ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ስሙን ጨርሶ ወደ አባቱ ስም ሲሄድ አፉ እየጠመመ፣ ፊደል በፊደል፣ ከባድ ድንጋይ እንደሚያንከባልል ሰው ገፋው።

"ሄ... ራ... ሞ።"

እናቴ አንገቷን እንደ ደፋች፣ "እሱ ነው" አለች።

ጸሐፊው ጻፈ። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን አስረዱ። "እናቴ፣ ደመወዙን ማን እንደከፈለው እናውቃለን። የአውሮፕላን ማረፊያው አስተዳደር ነው። በዚህ ከሄድን ሲቪል ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ከዚያ በኋላ በማን ትእዛዝ ሥር እንደነበረ ነው። ሲቪል ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል፣ ካልተመቸው ጥሎ ይሄዳል፤ ቢበዛ ከደመወዙ ይቆረጣል። ፖሊስ ግን ያለ ትእዛዝ ቦታውን አይለቅም። ባለቤትዎ የትኛው ነበር?"

እኔ ያስጠናኋት መልስ ነበር፤ "ካምፕ ውስጥ ይኖር ነበር፣ መሣሪያ ይይዝ ነበር።" እናቴ ግን ያንን አልመለሰችም።

"ጌታዬ፣ ቅድም ምስክራችን ለቅሶ ሄደ ሲባል ተቆጡ" አለች። "እኔ አልተቆጣሁም። በእኛ አገር ሰው ቀብር አይቀርም። ታሞ ካልተኛ፣ ታስሮ ካልሆነ አይቀርም። የቀረ ሰው ቤት ሰው አይሄድም።"

"እናቴ፣ ወደ ጥያቄው..."

"ወደ ጥያቄው ነው የምመጣው።" ቀና አለች። "ልጅ ነበረን። ታምራት።"

ታምራት የሚባል ወንድም ከእኔ በፊት ኖሮ በሕፃንነቱ እንደሞተ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን ስሙ አይነሳም ነበር። እንዴት እንደሞተም ነግራኝ አታውቅም።

"የሳምባ ምች ነው የገደለው። ወላጆቼ ቤት ሀቢቾ ሄጄ ሳለሁ ነው። ያኔ ሞባይል አልነበረም፤ ወንድሜ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ ለአባቱ ስልክ ደወለለት። አንድ ቀን ቀብሩን አቆየንለት። አልመጣም። ሣጥኑን ወንድሜ ተሸከመ፤ አፈሩን ባዕድ ሰው መለሰ። ሰው ሁሉ 'አባቱስ?' ይላል።"

ወደ አባቴ አልዞረችም። እኔ ግን ዞሬ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"ከሰነበተ በኋላ መጣ። 'ትእዛዝ ነው፣ አልለቅም አሉኝ' አለ። ሽማግሌዎች አመኑት፤ እርቅ ተባለ። እኔ አመንኩህም አላልኩት፣ አላመንኩህም አላልኩት። ኖርኩ። አሁን እናንተ የታምራት አባት ሲቪል ነው ትላላችሁ። ሲቪል ሰው የልጁን ቀብር ማን ይከለክለዋል? ሲቪል ከሆነ ዋሽቶኛል፤ በፈቃዱ ነው የቀረው። ፖሊስ ከሆነ እውነቱን ነው። ስለ ገንዘቡ ልጄ ጽፋለች። ለእኔ ይህን ንገሩኝ።"

የታምራት አባት። በሕይወቴ ሙሉ የምሕረት አባት ስትለው ነው የሰማሁት።

መነጽር ያደረገችው ሴት፣ "ያን ጊዜ ፈቃድ የከለከለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

"ሎምባሞ ያውቃል። አብረው ነበሩ። እኔ ጠይቄው አላውቅም።"

"ለምን?" አሉ ሰብሳቢው።

"ብጠይቀውና 'አይ፣ ውሸቱን ነው' ቢለኝስ?"

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። "ሌሎች ፋይሎች አሉን። እነሱን እስክንጨርስ ሰውየው ከመጣ እንሰማዋለን። ካልመጣ ባለው ማስረጃ እንወስናለን።" ባለው ማስረጃ ማለት ደመወዙ ማለት ነበር።

በረንዳው ላይ ወጣን። ባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይጠጋል። የሰው መግባት እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጊዜያችን ያጥራል። እናቴ በአንድ በኩል፣ አባቴ በሌላ በኩል፣ እኔ በመካከል። ሁለቱም ዝናቡን ያያሉ። ለአባቴ ውኃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። እናቴን "እማዬ..." ስላት፣ "ተይኝ" አለች።

የሕይወቴ ብዙ ነገር ያን ሰዓት እየመጣ ይገጥም ጀመር። አባቴ ለእረፍት ሲመጣ እናቴ የምትወደውን ሁሉ ይዞላት ይመጣ ነበር። ትቀበለዋለች፤ ታበላዋለች፤ ልብሱን ታጥባለች። ግን ሲሄድ መኪና ድረስ ሸኝታው አታውቅም። እኔ ሥራ ስለሚበዛባት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ወደ መናኸሪያው ወርዶ ከሺንሺቾ በአንጋጫ በኩል የሚመጡትን መኪኖች እያየ ይጠብቅ ነበር። ደወልኩለት።

"ሁለት ሚኒባስ መጣ፤ የለበትም" አለኝ። "መንገዱ ላይ አንድ አይሱዙ ጭቃ ይዞት መኪና ተደርድሯል አሉ።"

"ጋሽ ሸምሱ፣ መጨረሳቸው ነው።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ጸልዪ፤ እኔም በበኩሌ ዱዓ አደርጋለሁ። ከሁለት አንዱ ይያዛል።"

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ከፎንቆ የመጣች፣ የባሏን ጡረታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ስሟ ሲጠራ ተነሳችና እናቴን አየቻት። ቅድም በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። በሃዲይኛ፣ "የእኔ ጉዳይ ረጅም ነው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምናገረው" አለቻትና ገባች። ቀስ ብላ ተናገረች። ከውጭ ሆነን ሰብሳቢው ደጋግመው "ባጭሩ እናቴ፣ ባጭሩ" ሲሉ እንሰማ ነበር።

ሴትየዋ ስትወጣ ጸሐፊው በሩ ላይ ብቅ አለና በሐዘን አየኝ። "እየሰበሰቡ ነው" አለ።

በዚህ ጊዜ ከታች የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ጋሽ ሸምሱ እጁን ከጡሩንባው ላይ አላነሳም። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ከባድ ጫማ ተሰማና ጋሽ ሎምባሞ ብቅ አለ። ጋቢውን እንደ ለቅሶ አጣፍቷል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አባቴን ሲያይ ቆመ፤ ከስትሮኩ ወዲህ አላየውም ነበር። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመውና ገባ።

ሰብሳቢው ቦርሳቸውን ይዘው ቆመው ነበር። የጋሽ ሎምባሞን ሱሪ አይተው ተመልሰው ተቀመጡ።

ጋሽ ሎምባሞ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ሴትየዋ፣ "ልጃቸው የሞተ ጊዜ ምን ተደረገ?" ብላ ጠየቀችው።

ጋሽ ሎምባሞ እናቴን አያት። "ይህ ይጠየቃል ብዬ አላሰብኩም" አለ። "አብረን ተረኛ ነበርን። ትልቅ እንግዳ ያርፋል ተብሎ ተጠንቀቅ ላይ ነን። ስልኩ ሲመጣ ማቴዎስ ቀጥታ አዛዡ ዘንድ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። 'ልጄ ሞቷል፣ ልቅበረው' አለ። አዛዡ 'አይቻልም' አለው። ማቴዎስ ለምኖ አያውቅም፤ ያን ቀን ለመነ። በመጨረሻ 'ደመወዜን የሚከፍለኝ አሁን ማረፊያው ነው፤ ከእነሱ ፈቃድ እጠይቃለሁ' አለው። አዛዡ ምን አለ? 'ደመወዝህን የፈለገው ይክፈልህ። የማዝህ እኔ ነኝ። ፖሊስ ነህ። ቦታህን ለቀህ ብትገኝ ከድተሃል ተብለህ ትታሰራለህ።' እኔ ተራውን ልሸፍንለት ብዬ ጠየቅኩ፤ እኔንም አስወጣኝ።"

"ለሁሉም ሠራተኛ ነው እንዲህ የነበረው?" አሉ ሰብሳቢው።

"አይደለም። በዚያው ሳምንት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አክስቷ ሞታባት ፈቃድ ተሰጥቷት ሄዳለች። እሷ ሲቪል ነበረች። ደመወዝ የሚከፍለን ግን ለሁላችንም ያው ማረፊያው ነበር።"

ጸሐፊው በፍጥነት ይጽፋል።

"ማቴዎስ ወደ በሩ ተመለሰ" አለ ጋሽ ሎምባሞ። "እየፈተሸ ያለቅሳል። ጣቱ ሰው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እንባው ይወርዳል። አንዲት ተሳፋሪ 'ምነው ወንድሜ?' ስትለው 'አቧራ ነው' አላት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ቀብር አልቀረሁም። ዛሬም ያስቆየኋችሁ ለዚህ ነው፤ ይቅርታ።"

ሰብሳቢው አልተቆጡም። አመሰገኑትና ውሳኔው በደብዳቤ እንደሚላክ ነግረውን ወጡ። ሲያልፉ የአባቴን ግራ እጅ ጨበጡ።

አዳራሹ ውስጥ እኛ ብቻ ቀረን። እናቴ ከወንበሯ ተነስታ አባቴ ፊት ቆመች። የወደቀ ጋቢውን አንስታ ትከሻው ላይ መለሰችለት። አባቴ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። "ታ..." አለ። "ታ... ም..." ቅድም ስሙን ያወጣው ጉልበት አልቆ ነበር። እንደገና ሞከረ።

"ተው" አለችው። "ሰማሁ።"

ደረጃውን ሲያወርዱት ከጎኑ ሆና እጁን ይዛ ነበር። ጋሽ ሸምሱ እንኳ አልቀለደም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ይህ ቀን ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር ተማርኩ ብዬ ልመጻደቅባችሁ አልፈልግም። ማመልከቻውን ስጽፍ "ምድብ" የሚለውን ቃል ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ለእኔ አበሉ መቼ ይጀምራል ማለት ብቻ ነበር። ለእናቴ ግን ባሏ ዋሽቷታል ወይስ አልዋሻትም ማለት ነበር። አባቴ ልብ ያላለው የደመወዝ ለውጥ ተመልሶ መጥቶ በልጁ ሞት ቀን ያለውን ቃል ውሸት ሊያደርግበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ጉዳይ በአንድ ቃል ሲጠቀለል ስሰማ ቆም እላለሁ። ወላጆቻችሁ የማያነሱት ነገር ካለ ደግሞ፣ ጠይቁ አልላችሁም፤ እኔም ጠይቄ አላገኘሁትም። ብቻ ሥራ ስለበዛባቸው ነው ብላችሁ አትለፉት።

ውሳኔው ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ደብዳቤው መጣ፤ አባቴ ባገለገለበት ዘመን ሁሉ በፖሊስ ትእዛዝ ሥር ስለነበረ በፖሊስ ምድብ እንዲያዝና አበሉ እንዲጀመርለት ይላል። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ስንት ነው አላለችም።

"ፖሊስ ነው አሉ?"

"አዎ እማዬ። ፖሊስ ነው አሉ።"

"ለሸምሱ ንገሪው፤ መኪና ይፈልግልን። ሀቢቾ እንሄዳለን" አለች።

ጋሽ ሎምባሞም ከሺንሺቾ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር እርጥብ ስለነበር ወንበሩ አልሄድ አለ፤ ጋሽ ሎምባሞና ጋሽ ሸምሱ ተሸክመው አደረሱት። አጎቴ ትንሿን መቃብር አሳየን። እናቴ ጎንበስ ብላ አፈር ዘገነችና በአባቴ ግራ እጅ ላይ አደረገችለት። አባቴ እጁን ከወንበሩ ዘርግቶ አፈሩን መለሰ። የወንድሜ የታምራት ቀብር ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.።